ሰርቨሩን ሳልጠራ የገባሁት የት ነው?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬን በአንድ መስመር ማቅረብ እችል ነበር፤ ጥያቄውን የወለደውን ጉዳት ብደብቅ ግን መልሱም ከላይ ከላይ ይሆናል ብዬ ስለ ሰጋሁ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩት።

ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሥርዓት የትእዛዝ መስመር ክላየንት (ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም)፣ በፒኤስኪውኤል፣ የዳታቤዙን ስም ብቻ ሰጥቼ ገባሁ። ሰርቨር አልጠቀስኩም፤ ፖርትም (የሰርቨሩን የመግቢያ በር ቁጥር) ተጠቃሚም አልጠቀስኩም። ልገባበት ያሰብኩት በራሴ ኮምፒውተር ላይ ያለው የሙከራ ዳታቤዝ ነበር። 12 የሙከራ ረድፎችን ለማጥፋት የዲሊት ትእዛዝ ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። በማያ ገጹ ላይ «ዲሊት 4112» የሚል መስመር ወጣ፤ 4112 ረድፍ ጠፋ ማለት ነው። ጣቴ ከቁልፉ ሳይነሳ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሙከራውና የዋናው ዳታቤዝ ስም አንድ ነው፤ ክላየንቱ ትእዛዝ ሲጠብቅ የሚያሳየው ምልክት ደግሞ ካልቀየሩት በስተቀር የዳታቤዙን ስም ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ ዓይኔ ሊይዘው የሚችል ልዩነት አልነበረም።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ከአራት ቀን በፊት ለአንድ የችኮላ ሥራ ፒጂሆስት የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሞች ሲነሡ የሚያነቡት የተቀመጠ ዋጋ) ትእዛዝ በምጽፍበት ፕሮግራም፣ በሼሉ፣ መነሻ ፋይል ውስጥ ጽፌው፣ የዋናውን ሰርቨር አድራሻ ሰጥቼው፣ ሳላጠፋው ረስቼዋለሁ። አብዛኛውን መረጃ ከመጠባበቂያ ቅጂ መለስነው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት የተመዘገበውን ግን ባልደረቦቼ አንድ በአንድ በእጃቸው እንደ ገና አስገቡት። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ እኔ ያልጻፍኳቸው የግንኙነት አማራጮች ከየት ይመጣሉ? ማን ማንን ይሽራል? እናንተስ የት እንደ ገባችሁ በምን ታውቃላችሁ?

መልስ 1 ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ጸሐፊው አስቀድመው አጽናኑኝ፤ ቀጥለው ቅደም ተከተሉን አስቀመጡ። በትእዛዝ መስመሩ ላይ በቀጥታ የተጻፈ አማራጭ ከሁሉም ይበልጣል። እዚያ ያልተጻፈውን የአካባቢ ተለዋዋጮች ይሞሉታል። እነሱም ከሌሉ ነባሪው (አስቀድሞ የተወሰነው ዋጋ) ይገባል፦ የተጠቃሚው ስም የኮምፒውተሩ መግቢያ ስም ይሆናል፤ የዳታቤዙ ስም ደግሞ የተጠቃሚው ስም፤ ፖርቱ 5432፤ ግንኙነቱም በዚያው ኮምፒውተር ሶኬት (ያለ ኔትወርክ በሚያገናኝ ፋይል) በኩል። እኔ ነባሪው ይገባልኛል ባልኩበት ቦታ ተለዋዋጩ ቀድሞኝ ገባ ማለት ነው።

መልስ 2 በትሕትና አረሙ። በመካከል አንድ ደረጃ ቀርቷል አሉ፤ የሰርቪስ ፋይል። በቤት ማህደር ውስጥ የሚቀመጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን እያንዳንዱ ግንኙነት በማዕዘን ቅንፍ ስም ይሰጠውና ከሥሩ ሰርቨሩ፣ ፖርቱ፣ ተጠቃሚውና ዳታቤዙ ይዘረዘራሉ። ግንኙነቱን በስሙ ከጠሩት በፋይሉ የተጻፈው የአካባቢ ተለዋዋጩን ይሽራል፤ በቀጥታ የተጻፈው ደግሞ ፋይሉን ይሽራል። መልስ 3 የመልስ 1 ጸሐፊ ምስጋና ብቻ ነው። ስንት ዓመት በዚህ ክላየንት ስሠራ ይህን ፋይል ተጠቅሜበት አላውቅም ነበር፤ ክሩ ሌላ ምንም ባያተርፍልኝ እንኳ ይህ ይበቃኝ ነበር።

መልስ 4 አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ገብተህ ባክስላሽ ኮንኢንፎ ብትል የት እንዳለህ በነገረህ ነበር የሚል። እውነት ነው። የዳታቤዙን፣ የተጠቃሚውን፣ የሰርቨሩንና የፖርቱን ስም ያወጣል። ነገር ግን የት እንዳለ የሚጠራጠር ሰው ነው የሚጠይቀው፤ እኔ ደግሞ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም።

ከመልስ 5 ጀምሮ ወሬው ወደ ሌላው የዳታቤዝ ሥርዓት ወደ ማይኤስኪውኤል ተሻገረ። ጸሐፊዋ ሁለቱንም ክላየንቶች በየቀኑ እንደሚጠቀሙና ፊደሎቹ እንደሚያሳስቷቸው ገለጹ። በፒኤስኪውኤል ትንሿ ፒ የፖርት ቁጥር ናት፤ በማይኤስኪውኤል ግን ትንሿ ፒ የይለፍ ቃል፣ ትልቋ ፒ ፖርት ናት። አንድ ጊዜ በማይኤስኪውኤል ትንሿን ፒ ጽፈው ክፍት ቦታ ትተው 3307 አሉ። ክላየንቱ የይለፍ ቃል ጠየቃቸው፤ ሰጡት፤ ከዚያ 3307 የሚባል ዳታቤዝ አላውቅም አላቸው። ከትንሿ ፒ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ካለ ቀጣዩ ቃል የዳታቤዝ ስም ሆኖ ነው የሚነበበው። የይለፍ ቃሉ የሚወሰደው ከፊደሏ ጋር ከተጣበቀ ብቻ ነው።

መልስ 6 ከኔ ታሪክ ጋር ወንድማማች ነው። ጸሐፊው ሩቅ ወዳለ የማይኤስኪውኤል ሰርቨር የኤስኤስኤች መሿለኪያ (የራስን ፖርት ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ የተመሰጠረ መንገድ) ከፍተው፣ የመሿለኪያውን አፍ በራሳቸው ኮምፒውተር ፖርት 3307 ላይ አደረጉ። ሰርቨሩን ሎካልሆስት (የራስ ኮምፒውተር መጠሪያ)፣ ፖርቱን 3307 ብለው ገቡ፤ ያለ ችግር ተቀበላቸው። ሠንጠረዦቹ ግን አሮጌ ነበሩ። አንድ ሰዓት ያህል ሩቁን ሰርቨር ሲወቅሱ ቆዩ። የገቡት በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ወዳለው ዳታቤዝ ነበር። ምክንያቱም በዩኒክስና በሊነክስ ላይ ማይኤስኪውኤል ሎካልሆስት የሚለውን ስም ሲያይ በሶኬት ፋይል በኩል ይገባል፤ የሰጡትን የፖርት ቁጥር ሳይነግራቸው ይተወዋል። መድኃኒቱ 127.0.0.1 ብሎ በቁጥር መጻፍ ወይም ፕሮቶኮሉን ቲሲፒ (በኔትወርክ በኩል) ብሎ ማዘዝ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ፖርቱን በግልጽ መጻፋቸው ነው። እኔ ሳልጽፍ ተሳሳትኩ፤ እሳቸው ጽፈውም ተሳሳቱ።

መልስ 7 በዚህ ላይ ጨመሩበት። ማይኤስኪውኤል የተጠቃሚን ማንነት ከመጣበት ቦታ ጋር አጣምሮ ስለሚያይ፣ ከሎካልሆስት የሚመጣው ተጠቃሚና ከሌላ አድራሻ የሚመጣው ተመሳሳይ ስም ያለው ተጠቃሚ ሁለት የተለያዩ መለያዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የይለፍ ቃላቸውም ፈቃዳቸውም ይለያያል። አንድ ጠቃሚ ነገርም ነገሩን፦ ማይኤስኪውኤል ፕሪንት-ዲፎልትስ የሚባል አማራጭ አለው፤ ከቅንብር ፋይሎች ያነበባቸውን አማራጮች ዘርዝሮ ያሳያል። ማይኤስኪውኤል በመጀመሪያ የሥርዓቱን፣ ቀጥሎ የተጠቃሚውን ፋይል ያነባል፤ ኋላ የተነበበው የፊተኛውን ይሽራል፤ በትእዛዝ መስመር የተጻፈው ሁሉንም ይሽራል። በፖስትግሬስ በኩል ግን የአካባቢ ተለዋዋጮችን የሚዘረዝረውን ኤንቭ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ፒጂ ብለው የሚጀምሩትን ስሞች መፈለግ የተጠቃሚው ፈንታ ነው።

መልስ 8 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም አሉ፤ ትራንዛክሽን (እስኪጸና ድረስ ሊሻር የሚችል የትእዛዞች ስብስብ) ሳይከፍት የሚያጠፋ ሰው ዋናውን ዳታቤዝ መንካት የለበትም፤ ይህ ሁሉ ስለ አማራጮች የሚደረግ ክርክርም ጥፋትን መሸፋፈኛ ነው። መልስ 9 አልታገሷቸውም። ሰው ስህተቱን በአደባባይ ሲናገር እንዲህ ከተመታ ነገ ሁሉም ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ሌላ 4112 ረድፍ ያጠፋል አሉ። መልስ 10 የመልስ 8 ጸሐፊ ናቸው፤ ቃላቸው እንደ ከረረ አምነው ነገሩን ግን አልተዉም። በክላየንቱ መነሻ ፋይል ውስጥ ኦቶኮሚትን (እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው የሚያጸናውን ቅንብር) ማጥፋት ይቻላል፤ ያኔ ኮሚት እስኪባል ድረስ ምንም አይጸናም አሉ።

በነገሩ ትክክል ናቸው፤ ልክ ነዎት ብዬ ጻፍኩላቸው። ቢጊን ብዬ ትራንዛክሽን ጀምሬ ቢሆን ኖሮ 4112 የሚለውን ቁጥር አይቼ ሮልባክ ብዬ እሽረው ነበር። ነገር ግን ያ ጥበቃ ተሳስቶ ከገቡ በኋላ የሚያድን ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ተሳስቶ ላለመግባት ነው።

መልስ 11 ኦቶኮሚትን ማጥፋት የራሱ ጣጣ እንዳለው አስጠነቀቁ። አንድ ሴሌክት (የማንበብ ትእዛዝ) ብቻ ጽፎ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ትራንዛክሽኑን ክፍት ትቶ ይሄዳል፤ የያዘው መቆለፊያ ሌላውን ሥራ ያግዳል፤ የሞቱ ረድፎችን የሚያጸዳው ቫክዩምም በዚያ ምክንያት ሊገታ ይችላል። መልስ 12 ተስማሙ፤ መልስ 13 አልተስማሙም። ሁለቱ ለስድስት ያህል አጫጭር ልውውጦች ስለ ቫክዩም ተከራከሩ፤ ክርክሩ ጥሩ ቢሆንም ከጉዳያችን ርቆ ስለ ነበር አልፈዋለሁ።

ወደ ጉዳዩ የመለሱን መልስ 20 ናቸው፤ የመለሱን ግን በመጥፎ ምክር ነው። የይለፍ ቃሉን ጨምሮ ሁሉንም በትእዛዝ መስመሩ ላይ ጽፎ በአጭር ስም ማስቀመጥ ይበቃል አሉ። መልስ 21 በቁጣ ነበር የመጡት። በትእዛዝ መስመር ላይ የተጻፈ የይለፍ ቃል በሼሉ ታሪክ ፋይል ውስጥ ይቀራል፤ በዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚም የሂደቶችን ዝርዝር ሲያይ ሊያነበው ይችላል። ማይኤስኪውኤል ከስሪት 5.6 ጀምሮ ይህን ባደረጉ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ፒኤስኪውኤል ደግሞ የይለፍ ቃል የሚቀበል ነጠላ አማራጭ ከነጭራሹ የለውም፤ በዩአርኤል ውስጥ ካልሸጎጡት በቀር። መልስ 20 ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። ቁጣው ባይበዛ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምክሩን አንብቦ የሚከተል ጀማሪ ይኖራል ብዬ ሳስብ ግን ቁጣው ይገባኛል።

መልስ 22ን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊዋ ማንም ያላነሣውን አነሡ። ፒጂሆስት ወደ ዋናው ሰርቨር ከወሰደህ የይለፍ ቃል ለምን አልተጠየቅህም? ቢጠየቅ ኖሮ ሰው ቆም ይላል አሉ። ነጥብ ፒጂፓስ የተባለውን የይለፍ ቃል ፋይል ክፈትና ኮከብ ፈልግ ብለው አዘዙኝ።

ከፈትኩት። በዚህ ፋይል እያንዳንዱ መስመር አምስት ክፍሎች አሉት፤ በሁለት ነጥብ (:) የተለያዩ፦ ሰርቨር፣ ፖርት፣ ዳታቤዝ፣ ተጠቃሚ፣ የይለፍ ቃል። ከመጀመሪያዎቹ አራት በማናቸውም ቦታ ኮከብ ከተጻፈ የፈለገው ይሁን ማለት ነው። የኔ ፋይል አራት መስመሮች ነበሩት። የመጨረሻው በሰርቨሩ ቦታ ኮከብ፣ በፖርቱ ቦታ ኮከብ፣ በዳታቤዙም ቦታ ኮከብ ይዞ ተቀምጧል፤ ከዚያ የተጠቃሚ ስሜና የይለፍ ቃሌ። መቼ እንደ ጻፍኩት አላስታውስም። ፒጂሆስት መንገዱን አሳየ፤ ኮከቡ በሩን ከፈተ። በማንኛቸውም ፊት ቆሜ ማነህ ተብዬ አልተጠየቅኩም።

ይህን ስጽፍላቸው በደግነት መለሱልኝ፤ መልስ 23 ነው። ክላየንቱ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ መጀመሪያ የተስማማውን መስመር ስለሚወስድ ዝርዝሩ ከላይ፣ አጠቃላዩ ከታች መሆን አለበት፤ የሚሻለው ግን በሰርቨሩ ቦታ ኮከብን ጨርሶ አለመጻፍ ነው። የፋይሉ ፈቃድም 0600 ወይም ከዚያ የጠበበ ካልሆነ ፖስትግሬስ አስጠንቅቆ ፋይሉን ይተወዋል። መልስ 24 በማይኤስኪውኤል ያለው ጥብቅነት እንደሚለይ ጠቆሙ፤ እሱ የሚተወው ማንም ሰው ሊጽፍበት የሚችለውን የቅንብር ፋይል ነው፤ ሌሎች ሊያነቡት መቻላቸውን አይከለክልም።

መልስ 25 ግማሽ ቀን የበላቸውን ነገር አካፈሉን። የይለፍ ቃላቸው መካከል የመሰላል ምልክት (#) ነበረበት። በማይኤስኪውኤል የቅንብር ፋይል ውስጥ ያ ምልክት የማስታወሻ መጀመሪያ ስለሆነ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ተቆርጦ ቀረ። በእጃቸው ሲጽፉት ይገባሉ፤ ከፋይሉ ሲነበብ ይከለከላሉ። ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ሲያደርጉት ሠራ። መልስ 26 በፒጂፓስም ሁለት ነጥብ ያለበት የይለፍ ቃል ከፊቱ ባክስላሽ እንደሚፈልግ፣ በዩአርኤል ደግሞ የአት ምልክት (@) በፐርሰንት 40 (%40) መተካት እንዳለበት አከሉ።

መልስ 27 ማይሎጊን የተባለው የማይኤስኪውኤል የመግቢያ መረጃ ፋይል የተመሰጠረ ስለሆነ ከሁሉ የተሻለ ነው አሉ። መልስ 28 አጠር አድርገው አስተካከሉ፤ ፋይሉ ከጨረፍታ ዕይታ ይሸፍናል እንጂ ፋይሉን በእጁ ካስገባ ሰው አያድንም።

ስለ ምስጠራ የተነሣው ክርክር የከረረ ነበር። መልስ 29 ፖስትግሬስ በነባሪነት ኤስኤስኤልሞድን፣ የምስጠራውን ደረጃ የሚወስነውን አማራጭ፣ ፕሪፈር ላይ እንደሚያደርግ አስታወሱ፤ ሰርቨሩ ምስጠራን ከደገፈ ይጠቀማል፣ ካልደገፈ ያለ ምስጠራ ይቀጥላል። ሪኳየር ቢያንስ ምስጠራ ያስገድዳል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ትክክለኛው ሰርቨር መሆኑን በስሙ የሚያረጋግጠው ግን ቬሪፋይ-ፉል ነው። ለእሳቸው ይህ የኔው ጥያቄ ሌላ ገጽ ነው፦ የት እንደ ገባህ ማወቅ። መልስ 30 ተቃወሙ፤ በመሿለኪያ የሚገባ ሰው ሎካልሆስት ብሎ ስለሚጽፍ ስሙ የሰርቨሩን ማንነት ከሚመሰክረው ሰርተፍኬት ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ቬሪፋይ-ፉል በተግባር አይሠራም አሉ። መልስ 31 የአጠቃቀም መመሪያውን ሳያነብ የሚከራከር ሰው አድካሚ ነው ብለው ጀመሩ። ከዚያ ግን በዚህ ክር ካየኋቸው እጅግ ጠቃሚ ነገሮች አንዱን ጻፉ። ፖስትግሬስ ከሆስት ሌላ ሆስትአድር የሚባል አማራጭ አለው። በሆስት የሰርቨሩን እውነተኛ ስም፣ በሆስትአድር 127.0.0.1 ከጻፉ፣ ግንኙነቱ በመሿለኪያው በኩል ይሄዳል፤ ሰርተፍኬቱና የይለፍ ቃል ፋይሉ ግን በእውነተኛው ስም ይፈተሻሉ። መልስ 30 ተመልሰው ሞክረውት እንደ ሠራ መሰከሩ። ይቅርታ ከማንም አልተሰማም፤ ነገሩ ግን ተፈታ።

መልስ 33 ከርዕሱ ወጥተው፣ ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ ግንኙነታቸው ሁልጊዜ ሞቶ እንደሚጠብቃቸው አማረሩ። በመካከል ያለ ፋየርዎል ዝም ያለውን ግንኙነት ሊቆርጠው ይችላል፤ ሊነክስ ደግሞ በነባሪነት የሕይወት ምልክት መላክ የሚጀምረው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ኪፕአላይቭስ-አይድል የሚለውን አማራጭ ወደ 60 ሰከንድ ዝቅ ማድረግ እንደሚረዳቸው መልስ 34 መከሩ።

ከዚያ ወደ ቀለም ሄድን። መልስ 35 በመነሻ ፋይላቸው ውስጥ የክላየንቱን ምልክት ቀይረው የተጠቃሚውን፣ የሰርቨሩንና የፖርቱን ስም እንዲያሳይ፣ ዋናው ሰርቨር ከሆነም ቀይ እንዲሆን አድርገዋል። ብዙዎች ወደዱት። መልስ 37 ቀይና አረንጓዴን መለየት እንደማይችሉ፣ ለእሳቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ቡናማ እንደሆኑ ነገሩን፤ በቀለም ብቻ የሚያስጠነቅቅ ምልክት አያስጠነቅቃቸውም። ቃል ይጻፍ አሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ በራሴ ምልክት ላይ ቀለሙን ትቼ የሰርቨሩን ሙሉ ስም ጻፍኩ። በሶኬት ስገባ በማዕዘን ቅንፍ ሎካል ይላል፤ ሩቅ ስገባ ረጅሙ ስም መስመሩን ይሞላዋል፤ የመስመሩ ርዝመት ራሱ ይታያል። መልስ 38 በመሿለኪያ ከሆነ ያ ምልክት ሎካልሆስት ብሎ እንደሚያታልል አስጠነቀቁ፤ መልስ 39 ለዚህም መፍትሔው የመልስ 31 ሆስትአድር መሆኑን አመለከቱ።

መልስ 40 ሁሉንም አዋህደው የራሳቸውን አሠራር አሳዩ። በሰርቪስ ፋይላቸው ውስጥ ዋናው ሰርቨር ሁለት ስም አለው። አንዱ የማንበብ ብቻ ነው፤ በኦፕሽንስ መስመሩ ላይ ዲፎልት-ትራንዛክሽን-ሪድ-ኦንሊ በርቷል፤ በስህተት የተጻፈ ዲሊት እዚያ ይከለከላል። መጻፍ ሲፈልጉ ረጅሙን ሁለተኛ ስም ሙሉውን መጻፍ አለባቸው፤ በአጭር ስምም አላስቀመጡትም። መልስ 8 እዚህ ላይ ተመልሰው፣ ያ ቅንብር በክፍለ ጊዜው ውስጥ በአንድ ትእዛዝ ሊነሣ ስለሚችል እውነተኛው ጥበቃ የመጻፍ ፈቃድ የሌለው ተጠቃሚ መፍጠር ነው አሉ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ትክክልም ናቸው።

እኔ ፒጂሆስትን ከመነሻ ፋይሉ አጠፋሁ፤ ኮከብ ያለበትን መስመር ሰረዝኩ፤ ሁለቱን ሰርቨሮች በሰርቪስ ፋይል ውስጥ በየስማቸው አስቀመጥኩ። ይህንን በመልስ 42 አሳወቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ የሌሊት ስክሪፕት ወድቆ አገኘሁት። የስህተት መዝገቡ የይለፍ ቃል አልቀረበም ይላል። ስክሪፕቱ በየሌሊቱ ሪፖርት የሚያወጣ ሲሆን የሰርቨሩ ስም በውስጡ በግልጽ ተጽፏል፤ ዋናው አይደለም፤ የሙከራውም አይደለም። ሥራው ወደ አዲሱ ከተዛወረ ወዲህ ተዘግቷል ብለን ሁላችን የምናስበው አሮጌው ሰርቨር ነው። በሩን ሲከፍትለት የኖረው ያ ኮከብ ነበር። ሪፖርቱን በየጠዋቱ የሚያነቡ ሰዎች ያዩት የነበረው የየትኛውን ዳታቤዝ ቁጥር እንደሆነ አሁን ቁጭ ብዬ እያመሳከርኩ ነው። ስክሪፕቱ ከመቼ ጀምሮ የተሳሳተ ቦታ ሲያነብ እንደ ኖረ የማውቅበት መንገድ ካለ በመልስ 43 ጠይቄያለሁ።